ጉንጭ አልፋ ስልክ

አማርኛችን ፍሬ የሌለውን ክርክር «ጉንጭ አልፋ» ይለዋል። ሰዎች ሲከራከሩ ውለው፣ ጉንጫቸው ከመድከሙ በቀር አንዳች ሳያተርፉ ሲነሡ የሚሰጥ ስም ነው። ይህን ስም ያወጡት አባቶቻችን፣ ጉንጭ ራሱ ከአፍ ተለይቶ፣ ባለቤቱን ሳያማክር፣ በገዛ ሥልጣኑ ጨዋታ የሚያቋርጥበት ዘመን ይመጣል ብለው ከቶ አላሰቡም። እኛ ግን ደረስንበት። በየኪሳችን የተሸከምነው የመስታወት ስልክ ጆሯችን ላይ ባስጠጋነው ቁጥር ጉንጫችንን እንደ ጣት እየቆጠረ ድምፃችንን ያፍናል፣ መስመሩን ይዘጋል፣ ሳናዝዘው ሌላ ሰው ዘንድ ይደውላል። ጨዋታችን አልቆ እንዝጋው ስንለው ደግሞ ፊቱን አጥቁሮ አልዘጋም ይላል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ክስ ነው። ተከሳሾቹም ስልክ ተብሎ ተሸጦ ስልክ መሆን ያቃተው ዕቃ፣ እርሱን ሠርተው የሸጡት፣ እንዲሁም «አያያዝህ ነው» እያሉ ጥፋቱን ወደ ተጠቃሚው የሚያዞሩት ሁሉ ናቸው።

ከአንባብያን መካከል «ይህ ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ምን ይሠራል? ሂድና ለስልክ ጠጋኝ ንገረው» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። እኛ ግጥም ወዳጆች ከማንም በፊት ልንቈጣበት የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ግጥም ወደ ወረቀት ከመውረዱ በፊት ድምፅ ነበር። ቅኔው ከአፍ ወደ ጆሮ ተዘረፈ፤ ሙሾው ከአፍ ወደ ጆሮ ወረደ፤ ቀረርቶው፣ ምርቃቱ፣ ተረቱ ሁሉ በዚያው መንገድ ተጓዘ። የሰው ልጅ ከሠራቸው መሣሪያዎች መካከል ደግሞ ይህንኑ ድምፅ ከነትንፋሹ፣ ከነመንቀጥቀጡ፣ ከነዝምታው አንሥቶ፣ ሩቅ ላለ ጆሮ ያደረሰው የመጀመሪያው ስልክ ነው። ደብዳቤ ቃሉን ያደርሳል፤ ስልክ ግን ሰውየውን ያደርሳል። ይህን መሣሪያ ያበላሸ ሰው የተነካካው ከአፍ እስከ ጆሮ ያለውን መንገድ ነው። በዚያ መንገድ የኖርን እኛ ዝም ካልን ማን ሊናገር ነው?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በማርች 1876 ነው። ብዙም ሳይቆይ በዘመነ ምኒልክ ወደ አገራችን ገባ፤ ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋለት። ያን ጊዜ ከሰው አፍ ያልወጣ የሚመስል ድምፅ ከዕቃ ውስጥ ሲሰማ፣ ካህናቱና መኳንንቱ ሰይጣን አለበት ብለው እንደ ተጨነቁ ይነገራል። እኛ ዛሬ በእነርሱ ላይ እንስቃለን። እነርሱ ግን የሠጉት ስልኩ ስለ ሠራ ነበር፤ እኛ የምንጨነቀው ስላልሠራ ነው። ከሁለታችን ማናችን ይበልጥ እንደምናሳቅቅ የሚመጣው ትውልድ ይፍረድ።

«ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ሽቦው ከኪሳችን ከጠፋ ቆየ፤ ስሙ ግን አብሮን አለ። ከስሙ ጋር ያደጉት ግሦችም አብረውን አሉ፤ ስልክ «ይነሣል»፣ ስልክ «ይዘጋል»። እነዚህ ግሦች ከዘይቤ የመጡ አይደሉም፤ እጅ የሚሠራውን የሚናገሩ ነበሩ። የጥንቱ ስልክ መነጋገሪያው ማንጠልጠያው ላይ ሲያርፍ በክብደቱ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭኖ መስመሩን ይዘጋዋል፤ ሲነሣ ይለቀዋል። ከዚያ ያለፈ ብልሃት አልነበረውም። ጨዋታውን የሚያቋርጠው የተናጋሪው እጅ ብቻ ነበር፤ ጉንጭ ቢነካው፣ ጢም ቢዳብሰው፣ ነጠላ ቢወርድበት ለእርሱ ምኑም አልነበረ። ስለዚህም ነው ስልክን በሰው ላይ መዝጋት በአገራችን በርን በእንግዳ ፊት እንደ መዝጋት የተቈጠረው። «ጆሮዬ ላይ ዘጋው» ሲባል ተበዳዩ ባለ ጆሮው ነው፤ በዳዩ ደግሞ የታወቀ ሰው፣ የታወቀ እጅ ነው።

በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አገራችን ሲገባም ይህ ሥርዓት አልፈረሰም። አረንጓዴ ቁልፍ ያነሣል፤ ቀይ ቁልፍ ይዘጋል። ቁልፉ ጎርበጥ ያለ ስለሆነ ዓይነ ስውር በጣቱ ያገኘዋል፤ ፊደል ያልቈጠረች እናት በቀለሙ ታውቀዋለች። ያ ስልክ ነቀፋ አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። ኪስ ውስጥ ሆኖ በራሱ ይደውል ነበር። ሠሪዎቹ ግን ችግሩን የራሳቸው ችግር አድርገው ተቀበሉት፤ ሁለት ቁልፍ በተከታታይ ካልተጫኑ በቀር የማይከፈት መቈለፊያ አበጁለትና ነገሩ በዚያው አበቃ። ለስልኩ ጥፋት ኪሳችንን የወቀሰ አልነበረም።

ከዚያ መስታወቱ መጣ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 አፕል አይፎንን ለዓለም ሲያሳይ የጥሪና የቍጥር ቁልፎቹ በአንድነት ከፊቱ ተነሡ፤ በዓመታት ውስጥም ሌላው ሠሪ ሁሉ ተከተለ። የዚህን መስታወት አሠራር ማወቅ ክሱን ለመረዳት ይጠቅማልና ልግለጸው። ከመስታወቱ ሥር ዓይን የማያየው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን አለ። የሰው ገላ ውሃና ጨው ስለ ተሞላ እርሱም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ጣታችን መስታወቱን ሲነካ በዚያ ነጥብ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መጠን ይለወጣል፣ ስልኩም «እዚህ ጋ ተነካሁ» ብሎ ይቈጥራል። ብዕር ወይም የሱፍ ጓንት ብንሞክር የማይሰማን ለዚህ ነው። ነገር ግን ገላ ጣት ብቻ አይደለም። ጉንጭም ገላ ነው፤ ጆሮም ገላ ነው። እንግዲህ ጣትን ብቻ ለመስማት የተሠራን ነገር ጉንጭ ላይ ለጥፈህ አውራበት ማለት፣ ሕፃን ልጅን ከቀለም ዕቃ አጠገብ አስቀምጦ ዝም በል እንደ ማለት ነው።

ሠሪዎቹ ይህን ገና ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ አንዲት ትንሽ ዓይን ተከሉለት፤ ስሟም የቅርበት ሴንሰር፣ ወይም በእነርሱ አጠራር ፕሮክሲሚቲ ሴንሰር ነው። ይህች ዓይን እኛ የማናየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ትረጫለች፤ ጉንጫችን ሲቀርብ ብርሃኑ ተመልሶ ይነጥርላታል። የተመለሰው ብርሃን ከተወሰነ ልክ ካለፈ «ፊት ቀርቧል» ትላለች፤ ስልኩም መስታወቱን ያጠፋል፣ መንካትንም ይዘጋል። ጉንጩ ሲርቅ መልሳ ታበራዋለች። በንግግር ጊዜ የስልኩ ጨዋነት ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ከሽንብራ በምታንስ ዓይን ላይ ነው።

ይህች ዓይን ደግሞ ብዙ ነገር ይጋርዳታል። አቧራ ይጋርዳታል፤ የፊት ወዝ ይጋርዳታል፤ ልኩ ያልሆነ ፕሮቴክተር ይጋርዳታል፤ የተሰበረ ስክሪን በርካሽ ሲለወጥ ዙሪያዋን የሚከልላት ጎማ ይቀርባትና የገዛ ብርሃኗ ተመልሶ ያሳውራታል። ጥቁር ጸጉር ከቆዳ ያነሰ ብርሃን ስለሚመልስ፣ ጸጉር በጆሮው ላይ የወረደበት ሰው ሲያወራ «ማንም አልቀረበኝም» ልትል ትችላለች። ለጥቁር ጸጉር አገር እንዲህ ያለ ዓይን መላክ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ልተወው። ይባስ ብለው አንዳንድ ሠሪዎች ፊቱን በሙሉ መስታወት ለማድረግ ሲሉ ዓይኗን ከነጭራሹ አውጥተው ጣሏት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሻኦሚ ሚ ሚክስ፣ ሥራዋን ጆሮ ለማይሰማው የድምፅ ሞገድ ሰጠው። ከዚያ በኋላ በወጡ ብዙ ስልኮችም ነገሩ ለሶፍትዌር ግምት ተተወ። ፊት እንዲያምር ዓይን ማውጣት! ይህን በሰው ላይ ያደረገ ምን ይባል ነበር?

እንግዲህ የዚህ ዕቃ በደሎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ማፈን ነው፤ ጉንጭ ሚውት የሚለውን ምልክት ይነካና አንተ እየሰማህ እንዳትሰማ ያደርግሃል። ሁለተኛው መዝጋት ነው፤ ጆሮህ ራሱ በተናጋሪው ላይ ይዘጋበታል። ሦስተኛው አለመዝጋት ነው፤ ስልኩን ከጆሮህ ስታነሣው መስታወቱ ጠቍሮ ይቀራል፣ ብትነካው አይሰማም፣ ብትለምነው አይመልስም፣ መስመሩ ግን ክፍት ነው። ሦስቱም ትንንሽ ይመስላሉ። ትንሽ የሚመስሉት ግን በንግግሩ ውስጥ ምን እየተባለ እንደ ነበር እስኪታወቅ ድረስ ብቻ ነው።

በመንዝ የምትኖር የአባቴ ታላቅ እኅት አለች። ባለቤቷ ያረፉት የመሥሪያ ቤታችን የዓመት ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ነበርና ፈቃድ ተከልክዬ ቀብር አልደረስኩም። በሣልስቱ ቀን በጎረቤት ስልክ አገኘኋት። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አንድም ቃል አልሰማችም። እኔ ግን እሰማታለሁ። «ሃሎ… ልጄ… አለህ?» ትላለች። «አለሁ፣ እትዬ፣ አለሁ!» እላለሁ። «አለህ ወይ?» ትላለች። «አለሁ!» ብዬ እጮኻለሁ። ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላ ለአጠገቧ ሰው «ዝም አለኝ እኮ፤ ምን አደረግሁት?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ስልኩን ከጆሮዬ አነሣሁት፤ መስታወቱ እንደ ከሰል ጠቍሯል። ተመልሶ ሲበራ እርሷ ዘግታለች፣ የጎረቤቱም ስልክ ከዚያ በኋላ አልሠራ አለ። ለዐርባው ስሄድ በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ማስረዳት ነበር። ሐዘን ለደረሰባት፣ ሰባ ዓመት ለዘለላት ሴት ስለ ኢንፍራሬድ ብርሃን እንዴት ይነገራል? «ጉንጬ ነክቶት ነው» አልኳት። አየችኝና «ጉንጭህ ነው ዝም ያለኝ?» አለችኝ። አልተቀየመችኝም፤ እኔን ያልተቀየመችኝ ግን ስለ ወደደችኝ እንጂ ስላመነችኝ አይመስለኝም።

ሦስተኛውን በደል የቀመሰው ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከገጠር አባቱ ደውለውለት፣ ጤና ተጠያይቀው፣ ተመራርቀው ተሰነባበቱ። ስልኩን ሊዘጋ ቢያነሣው መስታወቱ ጥቁር ነው፤ ተዘግቷል ብሎ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ባለቤቱ ከማድ ቤት «ደግሞ ገንዘብ ፈልገው ነው?» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሽማግሌውም በዚያኛው ጫፍ ዘገምተኛ ጣታቸው ቁልፉን እስኪያገኝ ድረስ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እኒያ አባት ቢቸግራቸውም አይደውሉም። ልጃቸው ሲደውል ያነሣሉ፤ ደኅና ነኝ ይላሉ፤ ፈጥነው ይዘጋሉ። ሴቲቱ ክፉ ሰው አይደለችም። በየቤቱ የሚባል ነገር ነው ያለችው። በየቤቱ የሚባለው በየቤቱ እንዲቀር የሚያደርገው ግን በር ነው። በሩን በእውነት የሚዘጋ ዕቃ ሸጡልን ብለን ነበር።

በእኔ ሙያ ደግሞ ሌላ ፈርጅ አለው። ደንበኞቻችን ችግር ሲገጥማቸው ወደ ጥሪ ማእከል ይደውላሉ። የተቀዳው ድምፅ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» ይላል። ደንበኛው ስልኩን ከጆሮው ያነሣል፤ መስታወቱ አይበራም። ይታገለዋል፤ ድምፁ ይደግማል፤ በሦስተኛው «ምርጫዎን ባለማስገባትዎ እናዝናለን» ብሎ ይሰናበተዋል። ከዚያ ሰውየው ፀሐይ መትቶት፣ ወረፋ ይዞ፣ የእኔ መስኮት ላይ ይደርስና ቍጣውን ያራግፍብኛል። ልክ ነው፤ ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘውን ነው የሚቈጣው። ያን ጥቁር መስታወት የሠራው መሐንዲስ መስኮት የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ቍጣዬ ልምጣ። ስልኩ መበላሸቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ዕቃ ይበላሻል። የሚያንገበግበው መልሱ ነው። ሻጩ ዘንድ ስትሄድ «አያያዝህ ነው» ይልሃል። ጠጋኙ «የለጠፍከው ፕሮቴክተር ነው» ይልሃል። ፕሮቴክተሩን የለጠፈልህ ያው ሻጩ መሆኑን ስትነግረው «እንግዲያው ፊትህን ራቅ አድርግ» ይልሃል። ፊትን ከስልክ አርቆ ስልክ ማውራት! ከመነጽር ዓይንን አርቆ ማንበብ፣ ከማንኪያ አፍን አርቆ መብላት ቀረን።

በሌላ አገር ይህ ጥያቄ ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በጁን 2010 አይፎን 4 ሲወጣ ብዙ ገዢዎች ጉንጫችን ስልክ እየዘጋብን ነው ብለው ጮኹ። በዚያው ዓመት በጁላይ ስቲቭ ጆብስ ስለ አንቴናው ችግር በሰጠው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ የቅርበት ሴንሰሩንም አንሥቶ፣ ችግር እንዳለበትና እየተስተካከለ መሆኑን ተናገረ፤ በሴፕቴምበርም ማስተካከያው በአይ.ኦ.ኤስ. 4.1 ወጣ። ልብ በሉ፤ ጉንጩን የወቀሰው የለም። በዓለም ላይ ውድ ከሚባሉት ስልኮች አንዱ የወደቀበት ፈተና ነው፤ ሠሪውም ወደቅሁ አለ። ታዲያ እዚህ መርካቶ ላይ ጥፋቱ በምን ተአምር ነው ከስልኩ ወጥቶ ወደ እኔ ጉንጭ የሚዛወረው?

ከተቀመጥኩበት መስኮት ሆኜ ሳየው ይህ ነገር ይበልጥ ያስገርመኛል። በእኛ ቤት ማታ ካዝና ይቈጠራል። የጎደለ ቢገኝ «የደንበኛው እጅ ወፍራም ነበር» ማለት አይቻልም፤ ከፋዩ ከገዛ ኪሱ ይሞላል። ገንዘብ መቍጠሪያ ማሽኑ ከመቶ ኖት አንዱን ቢስት፣ ስሕተቱ በተደረሰበት ሰዓት ከመስኮቱ ይነሣል እንጂ «ኖቶቹን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡለት» አይባልም። «ጉድለት» የሚለው የአማርኛ ቃል ለሒሳብም ለዕቃም የሚያገለግል አንድ ቃል ነው፤ ሁለቱም ቦታ ላይ ደግሞ ከፋይ አለው። በስልኩ ጉድለት ግን የሚከፍለው የተጎዳው ነው። መስመሩ ሳይዘጋ ለቈጠረው ደቂቃ ይከፍላል፤ ለጠጋኝ ይከፍላል፤ ለተቀየመ ዘመድ በጉዞና በይቅርታ ይከፍላል።

እንዲህ ስል መፍትሔው ጠፍቶ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። መፍትሔው እዚያው ስልኩ ውስጥ ተደብቋል። በብዙ ስልኮች ላይ ከጎን ያለው ማብሪያ ቁልፍ ሲጫኑት ጥሪውን እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል። መስታወቱ ቢጠቍርም ቁልፉ ይሠራል። ይህ ምርጫ የት እንደ ተቀመጠ ታውቃላችሁ? ተደራሽነት በሚባለው ክፍል፣ ለአካል ጉዳተኞች ከተዘጋጁት ምርጫዎች መካከል። ሠሪው ሳያውቀው የተናዘዘው እዚህ ላይ ነው፤ ስልክን በእጅ መዝጋት መቻል እንደ ልዩ ድጋፍ ተቈጥሯል ማለት ነው። ትናንት የሁሉም ሰው የነበረው ቀይ ቁልፍ ዛሬ ፈልጎ ላገኘ ብቻ የሚሰጥ ምጽዋት ሆኗል። ጉዳተኛው ታዲያ ማነው፤ ሰውየው ወይስ ስልኩ?

«ስፒከር ላይ አድርገህ አውራ» የሚሉም አሉ። ታክሲ ውስጥ የሰውን የሆድ ቍርጠትና የፍርድ ቤት ቀጠሮ ለአሥራ ሁለት ተሳፋሪ የምናሰማው ለዚህ ነው። ጆሮ የተሰጠን ነገር በምሥጢር እንዲነገርበትም ጭምር ነው። «ጻፍላቸው፣ ማን ይደውላል በዚህ ዘመን?» የሚሉም አሉ። አክስቴ አታነብም። ብታነብስ? «እግዚአብሔር ያጽናዎት» የሚለው ቃል በጽሑፍ ሲደርስ ማስታወቂያ ነው፤ በድምፅ ሲደርስ ነው ልቅሶ መድረስ የሚሆነው። «ርካሽ ስለ ገዛህ ነው» የሚሉትም አሉ። የእኔ ስልክ ከሁለት ወር ደመወዜ በላይ ወስዷል። የአክስቴ ጎረቤት ባለ ቁልፍ ስልክ የእርሱን ዐሥረኛ አያክልም፤ ያን ዕለት ሥራውን በትክክል የሠራው ግን ያ ነው።

ፍርዴ ሚዛን እንዳይጎድለው ይህንም ልበል። መስታወቱ ብዙ ሰጥቶናል። ይህችን ጽሑፍ ከፊሏን በምሳ ሰዓት የጻፍኩት በእርሱ ላይ ነው። ግዕዝ ፊደል በእጄ መዳፍ ላይ እንዲህ ይደረደራል ብሎ ማን ያስብ ነበር? መጽሐፍ አነብበታለሁ፣ ግጥም እሰማበታለሁ፣ መንገድ እጠይቀዋለሁ። ነገር ግን አንድ ቤት ሳሎኑ ቢያምር፣ ጣሪያው በወርቅ ቢለበጥ፣ በሩ ካልተዘጋ ቤት አይባልም። ይህ ዕቃ ካሜራ ተብሎ፣ መጽሐፍ ተብሎ፣ ካርታ ተብሎ ቢሸጥ ኖሮ ክስ ባልነበረኝ። ስልክ ተብሎ ነው የተሸጠው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። የሚሉት ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ነበር። ይህ ተረት በእኛ ዘመን ሰሙ ወርቅ ሆነ፤ የገዛ ጆሯችን እውነተኛ ባዳ ሆኖ እንግዳ ይመልስብናል። ከመንዝ በተመለስኩ ሰሞን ይህን ሞነጫጨርኩ፤

ቃሏን እንድሰማ ጆሮዬን ብሰጣት፣
ጆሮዬ ጠላቷ አፏ ላይ ዘጋባት።
መስታወት ምን ያውቃል ጣትና ጉንጭ ለይቶ፣
ሠሪው ሳያስተምረው ለገበያ ወጥቶ።
ይብላኝ ለዚያች እናት በሩቅ ለምትጠራ፣
ልጅ መስሏት ላወጋች ከመስታወት ጋራ።

ግጥም ብቻውን ስልክ አይጠግንምና ጥያቄዎቼን በግልጽ አስቀምጣለሁ። ለሠሪዎቹ፤ ጥሪን የሚዘጋ በእጅ የሚዳሰስ ቁልፍ ከስልኩ ጋር አብሮ ይምጣ፤ ያም ካልሆነ የጎኑ ቁልፍ ጥሪ እንዲዘጋ የሚያደርገው ምርጫ ከፋብሪካ ሲወጣ በርቶ ይምጣ፤ ያልፈለገ ያጥፋው። ለሻጮች፤ ስልክ ስትሸጡ ካሜራውን ብቻ አታሳዩን፣ ደውላችሁ አሳዩን። ለገዢዎች፤ ገንዘባችሁን ከመቍጠራችሁ በፊት ወደ ጓደኛ ደውሉ፤ ጥሪው ሳይቋረጥ ጣታችሁን ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ ሸፍኑ፤ መስታወቱ ይጥፋ፤ ጣታችሁን አንሡ፤ ወዲያው ይብራ። ይህን በተከታታይ አምስት ጊዜ ያላደረገ ስልክ ስልክ አይደለምና አትግዙት። ፕሮቴክተር ካስለጠፋችሁና ስክሪን ካስለወጣችሁ በኋላም፣ ከሱቁ ሳትወጡ ያንኑ ድገሙት። ከገዛችሁ በኋላ ጉድለቱን ካገኛችሁት ደግሞ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት መስጠቱን ለሻጩ አስታውሱት። ደረሰኛችሁን አትጣሉ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቃል መመለስ እንዲለመድ እፈልጋለሁ። ከእንግዲህ «አያያዝህ ነው» የሚላችሁ ሲመጣ «አሠራራችሁ ነው» በሉት። አትሣቁ፣ አታፍሩ፣ ፊታችሁንም አታርቁ። ሰው ስልክ የሚይዘው አንድ መቶ ዓመት እንደ ያዘው ነው፤ ጆሮው ላይ፣ ጉንጩን አስደግፎ፣ አንዳንዴም እንባውን በዚያው ጉንጭ እያወረደ። መሣሪያው ይልመደን እንጂ እኛ ለመሣሪያው ጉንጭ የሌለን መሆን አንችልም።